ሁለት ጣት ትርፍ

ጥቅምት 6

ይድረስ ለቀጮዬ፣ ለወንድሜ ልጅ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ሥራህስ? ጉንፋን ይዞህ ከሆነ ይልቀቅህ፤ ካልያዘህም እንደተወህ ይቅር። እኔ በጣም ደህና ነኝ።

ስልክ እያለ ለምን ደብዳቤ እንደምጽፍልህ ታውቃለህ። በስልክ «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ፣ አንተስ?» «ይሰማሻል?» «ይቆራረጣል» ስንባባል ያልቃል። ደብዳቤ ሲሆን ግን ሰው ወንበር ስቦ ይቀመጣል።

ወሬዬን ልንገርህ። የስፌት ቤቴን ዘጋሁት። አትደንግጥ፣ አርባ አንድ ዓመት ይበቃል ብዬ ነው። ማረፍ አማረኝ። የመቁረጫው ጠረጴዛ ሳሎን ገብቶ ቤቱን አጣቦታል፤ እንግዳ የሚገባው በጎኑ እየሾለከ ነው። የስፌት መኪናዋን መስኮት ሥር አድርጌያታለሁ።

ባዶ እጄን መቀመጥ ግን አልሆነልኝም። ጎረቤቴን ባለፎቶኮፒዋን ታውቃታለህ፤ ሳቋ ከማሽኗ በላይ የሚጮኸውን። ከእሷ ጋር ሆነን ድረ ገጽ ከፈትን። አዎ፣ እኔው አክስትህ! በነጻ ከሚሰጡት የተዘጋጁ ገጾች አንዱን መረጥንና የማውቀውን ሁሉ እጽፍበት ጀመር። ልክ አወሳሰድ፣ ኮሌታ አቆራረጥ፣ ገበር አገባብ፣ የጠበበ ብብት እንዴት እንደሚሰፋ፣ ሁሉንም። እስካሁን አሥራ አራት ትምህርት ሆኗል፣ ሁሉም ከነፎቶው።

ቁም ነገሩ አሁን ነው የሚመጣው። የሙያ ማሠልጠኛው ኃላፊ ስለ ገጹ ሰምቶ አስጠራኝ። «መጋቢት ላይ አዳዲስ ሠልጣኞች ይገባሉ» አለኝ። «ስልካቸው ላይ ገጽዎን ከፍተው፣ ማንንም ሳይጠይቁ አንዳንድ ኮሌታ ቆርጠው ከሰፉ የክፍሉ መማሪያ አደርገዋለሁ። ካልቻሉ ግን ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በነበረው እንቀጥላለን።» ቀጮዬ፣ ልጅ አልወለድኩም። ያስተማርኳቸውም ሌላ ሌላ ሥራ ገብተዋል። ይህ ካልሆነ እጄ ያወቀው ሁሉ ከእኔው ጋር ይቀራል። እውነቱን ልንገርህ፣ ይህ ያስፈራኛል።

አንተ የዚህ ሥራ ሰው ነህና አሳምርልኝ። ገጹ ሲከፈት ሙዚቃ አለው፣ ግን ድምፁ ከፍ ቢል ደስ ይለኛል። ከላይ ወደ ታች የሚረግፍ አበባም አድርገንበታል፤ ሌላ ዓይነት አበባ ቢጨመርበትስ? ስሜም ቦግ እልም ቢል እወዳለሁ። ገጾቹን አሳትሜ በዚሁ ፖስታ ልኬልሃለሁ፤ በጠመኔ ያከበብኩት ሁሉ ይስተካከል የምለው ነው። ጠመኔው መንገድ ላይ ከተራገፈ በግምት ድረስበት።

በነገራችን ላይ፣ ውጭ አገር ስትሄድ የሰፋሁልህን ኮት ትለብሰዋለህ?

የገባህበት በር ሁሉ ሰፊ ይሁንልህ።
አክስትህ

ኅዳር 2

ይድረስ ለምወድሽ አክስቴ፣

ከአራተኛ ፎቅ፣ አሳንሰሩ ከተበላሸበት ሕንጻ፣ እያለከለክሁ ሰላም እልሻለሁ። እድሜሽን ያርዝመው፤ ጉልበትሽን ከእኔ የተሻለ ያድርገው። ደብዳቤሽን ፖስታ ሣጥኑ ውስጥ ሳገኘው እዚያው ከፈትኩት፤ ጠመኔው ተራግፎ ጫማዬን አነጣው።

ስፌት ቤቱን ዘጋሁት ስትዪ ገረመኝ። ከዚያ ጠረጴዛ ሥር ቁልፍ እየለቀምኩ ነው ያደግሁት። ማረፍ የሚያምራት አክስትም አላውቅም ነበር። ብቻ አንቺ ካልሽ ደስ ይበልሽ።

የሥራዬን ነገር ቤተሰቡ ኮምፒውተር የምፈለስፍ አድርጎ ነው የሚያወራው። እኔ የምሠራው ሌላ ነው። አንድ ሰው ወንበር ላይ አስቀምጥና «እስቲ ይህን ገጽ ከፍተህ የሐኪም ቀጠሮ ያዝ» እለዋለሁ። ከዚያ አጠገቡ ተቀምጬ የት እንደተደናገረ፣ ምን ፈልጎ እንዳጣ እጽፋለሁ። ጽሑፌን ይዘው ገጹን የሚያስተካክሉት ሌሎች ናቸው። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲደናገር አይቼ ነው ደመወዝ የምቀበለው።

ገጽሽን ከፍቼ አየሁት። በጣም ያምራል። ብዙ እንደደከማችሁበት ያስታውቃል። ምናልባት ፊደሉ ትንሽ ጎላ ቢል፣ ሐምራዊው መደብ ላይ ያለው ቢጫ ጽሑፍም ትንሽ ቢታሰብበት እላለሁ። ግን ምንም አይልም፣ እንዳለም በጣም ያምራል። ማሠልጠኛውም እንደሚቀበለው አልጠራጠርም።

ለባለፎቶኮፒዋ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

የእጅሽን ሥራ የሚያከብር ሁሉ ይግጠምሽ።
ቀጮሽ

ኅዳር 24

ይድረስ ለቀጮ፣

ሰላም ላንተ ይሁን፤ ለአሳንሰራችሁም ምሕረት ይውረድለት።

«በጣም ያምራል» ያልከውን አነበብኩት፤ ሁለት ጊዜ ነው ያልከው። ስማ አንተ ልጅ፣ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ «በጣም ያምራል» ሲሉኝ ኖሬያለሁ። ደንበኛ መስታወት ፊት ቆሞ እንዲያ ሲለኝ አፉን አልሰማውም፣ ትከሻውን ነው የማየው። ትከሻው ወደ ጆሮው ከወጣ ልብሱ ጠቦታል ማለት ነው። ያንተ ደብዳቤ ትከሻው ጆሮው ላይ ወጥቷል።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ኋላ ግን አሰብኩትና አንተ ብቻ አይደለህም። ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስቤ ገጹን አሳይቼ ነበር። ባለመድኃኒት ቤቱ ስልኩን ገልብጦ ይዞ «ግሩም ነው» አለኝ። ዳቦ ቤት የምትሠራው አበባው ሲረግፍ አይታ አጨበጨበችና ኮሌታው የት እንዳለ ስጠይቃት «ይኸው እኮ» ብላ የእኔን ፎቶ አሳየችኝ። ሁሉም አመስግኖኝ፣ አንዱም አንድ ትምህርት ሳይከፍት ወደ ቤቱ ሄደ። ይሉኝታ ቤቱን ሞልቶት ነበር። እኔም ምስጋናውን እየተቀበልኩ በሩ ድረስ ሸኘኋቸው።

ኃላፊው ግን ጎረቤቴ አይደለም። ሠልጣኞቹም አያውቁኝም፣ የሚያፍሩኝም ነገር የለም። መጋቢት ላይ ከእነሱ ፊት ከማፍር አሁን አንተ ብታሳፍረኝ ይሻለኛል። ስለዚህ አበባውም ሙዚቃውም ይቅርብኝ፤ አንድ ነገር ብቻ እፈልጋለሁ። እውነቱን ጻፍልኝ። ለማታውቃት ሴትዮ እንደምትጽፈው አድርገህ ጻፈው።

ኮቱን ጠይቄህ ነበር፣ አልመለስክልኝም።

ቀና ልብ፣ ቀና ብዕር ይስጥህ።
አክስትህ

ታኅሣሥ 20

ይድረስ ለአክስቴ፣

ጤና ይስጥሽ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት አልፎታል። ልጽፍ እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ። የሰውን ገጽ ቀኑን ሙሉ እየተቸሁ የምውል ሰውዬ አክስቴ ዘንድ ስደርስ ምላሴ ተሳሰረ። ይቅርታ አድርጊልኝ።

የሥራ ቦታዬን ትንሽ ክፍል ቅዳሜ አስፈቀድኩና ቋንቋችንን የሚያነቡ ሦስት ሰዎች ጠራሁ፦ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር፣ አንዲት ነርስ፣ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር። የማን ገጽ እንደሆነ አልነገርኳቸውም። «ኮሌታ መቁረጥ ልትማሩ ነው፤ የመጀመሪያውን እርምጃ ፈልጉ» ብቻ አልኩና ዝም አልኩ።

ሹፌሩ ገጹን እንደከፈተ ሙዚቃው ጮኸበት። ደንግጦ ዘጋው፤ መልሶም ሊከፍተው አልፈለገም። ነርሷ «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚለውን ንግግርሽን በጣቷ አሥራ አንድ ጊዜ ወደ ላይ ገፋችው። እሱ ሳያልቅ ትዕግሥቷ አለቀ። መምህሩ አራት ቦታ «እዚህ ይጫኑ» የሚል አገኙና «ብጫነው ወዴት ይወስደኛል?» አሉኝ። እኔም መመለስ አልነበረብኝም፣ አልመለስኩም። ቢጫው ጽሑፍ ሐምራዊው ላይ ለእሳቸው ዓይን ጨርሶ አይታይም። ፎቶዎቹ ከመክበዳቸው የተነሳ ነርሷ አንዱ እስኪከፈት ድረስ ከልጇ ጋር በስልክ አውርታ ጨረሰች። ከሦስቱ ኮሌታው ጋ የደረሰ የለም።

አሁን ደግሞ መልካሙን ስሚ። ትምህርቶቹን ራሴ ከፍቼ ሰጠኋቸውና ጽሑፍሽን ሲያነቡት ገባቸው። መምህሩ «ይህቺ ሴትዮ ማስተማር ታውቃለች፣ በሩ ግን ተቆልፎባታል» አሉ። ስለዚህ የሚስተካከለው በሩ ነው።

በሌላ ወረቀት ላይ በነጻ የሚገኙ መሣሪያዎችን አድራሻ ጽፌልሻለሁ። አንደኛው የፊደሉና የመደቡ ቀለም ይራራቅ እንደሆነ በቁጥር ይለካልሻል፤ ያንቺ ሜትር ማለት ነው። ሌላው ፎቶውን ሳያደበዝዝ ያቀልለታል። አንዱ ደግሞ ገጹ ደካማ ኔትወርክ ላይ ለመከፈት ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅበት ይነግርሻል። የመጨረሻው ገጹን ድምፅ አውጥቶ ያነብልሻል፣ ዓይኑ የማያይ ሰው እንደሚሰማው፤ ፎቶው ሥር የምን ፎቶ እንደሆነ ካልጻፍሽ ግን «ፎቶ» ብሎ ብቻ ያልፋል። ሁሉንም በስልክ ሞክሪው እንጂ በባለፎቶኮፒዋ ትልቅ ስክሪን አትተማመኚ፣ ሠልጣኞቹ የያዙት ስልክ ነው። ንግግሩን አውጪው። ሰው ገጹን ሲከፍት ሊሠራ የመጣበትን ነገር መጀመሪያ ያግኝ። «እዚህ ይጫኑ» ከማለት «ኮሌታ ቁረጥ» በዪ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ዝምታው ነው። «ያምራል ወይ?» ብለሽ አትጠይቂ፤ ሥራ ስጪና እዪ። እንዳትረጂ። የተሳሳተ ቢሆን እንኳ አፍሽን ያዢ። አምስት ሰው ካስሞከርሽ ዋናው ዋናው ችግር ይወጣልሻል።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ነርሷ ናት ያስተዋለችው። «እስከ ሰባተኛው ትምህርት አውራ ጣቷ ላይ ጠባሳ ያላት ናት፤ ከስምንተኛው ጀምሮ ግን ጥፍሯን ቀይ የተቀባች ሌላ ሴት ናት። ለምን?» አለችኝ። ያቺን ጠባሳ አውቃታለሁ አክስቴ። ካውያው ሲያቃጥልሽ እዚያው ጠረጴዛ ሥር ነበርኩ። ስምንተኛው ላይ ያለው የማን እጅ ነው? የደብዳቤሽም ጽሕፈት መስመሩን እየለቀቀ ነው።

እውነቱን ጻፍ ብለሽኛልና ጻፍኩ። አንቺም ጻፊልኝ።
ቀጮሽ

ጥር 29

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣

እንደምን ሰነበትክ? መልሴ የዘገየው ተቀይሜህ ነው። በገጹ አይደለም፤ የገጹን እውነት ባለፎቶኮፒዋ ጮክ ብላ ስታነብልኝ ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ነው የሳቅነው። የተቀየምኩህ በእጄ ነው። ደብቄዋለሁ ብዬ ነበር።

እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ቀጮዬ። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ሐኪሙ አይገድልሽም፣ አይለቅሽምም አለኝ። መጀመሪያ መርፌ ላይ ነበር፣ ኋላ መቀሱም አልታዘዝ አለኝ። አንድ ቀን የአንዱን ምስኪን የጥበቃ ሠራተኛ ጨርቅ መሀል ለመሀል ሸረከትኩት። ሰውዬው «ግድ የለም እናቴ» ሲለኝ አንጀቴን በላው። በነጋታው ቤቱን ዘጋሁት። ማረፍ አማረኝ ያልኩህ ውሸት ነው። አንተን ዋሸህ ብዬ ስቆጣ እኔ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ስዋሽህ ነበር።

እስከ ሰባተኛው ትምህርት እንደምንም ታገልኩ፤ ከስምንተኛው ጀምሮ ያለው የባለፎቶኮፒዋ እጅ ነው። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትቆርጣለች። ጥፍሯን እንዳትቀባ ብለምናት «ይህን ካልተቀባሁ እጄ የእኔ አይመስለኝም» አለችኝ።

ይህን ከነገርኩህ ወዲህ ቀለል አለኝ። አሁን ወደ ሥራችን እንመለስ።

ሙዚቃው ወጥቷል። አበባው ወጥቷል፤ ባለፎቶኮፒዋ እንባ አውጥታ ነው የተሰናበተችው። ሐምራዊውን በሜትሩ ብንለካው ወደቀ፤ አሁን ነጭ ላይ ጥቁር ነው፣ እንደ ጥሩ ሸሚዝ። ፎቶዎቹ ቀልለዋል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ዛሬ ምን ትሠራለህ? ምን ትሠሪያለሽ?» ይላል፤ ሥሩ ኮሌታ፣ ገበር፣ ብብት እያለ ይዘረዝራል። ንግግሬን ቆርጠን ቆርጠን ሁለት መስመር አደረስነው። እርግጥ ሁለተኛዋን መስመር ደብቄ ነው ያስቀረኋት።

ዝምታው ግን ገደለኝ። ዳቦ ቤት የምትሠራዋን ጠርቼ «ኮሌታ ቁረጪ» አልኳት። ጣቷ ወደተሳሳተው ሲሄድ «እዚያ አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። ባለመድኃኒት ቤቱን ጠራሁት፤ ምንም አልተናገርኩም፣ ግን በዓይኔ እያሳየሁት ነበር አሉኝ። ሦስተኛው ላይ ዘዴ መጣልኝ። ልብስ ስለካ አምስት ስፒል በከንፈሬ እይዝ እንደነበር ታስታውሳለህ? ስፒል በአፌ እያለ አርባ አንድ ዓመት አንድ ቃል ተናግሬ አላውቅም። አሁንም ሰው ሊሞክር ሲቀመጥ አምስት ስፒል ከንፈሬ ላይ እደረድርና ግድግዳ ግድግዳ አያለሁ። ጸጥ ነው። ሰው ለካ ዝም ሲሉት ብዙ ይናገራል።

እኔ እንግዲህ እውነቱን ተናገርኩ። ያንተ ኮት ነው የቀረው።

ጉልበትህ ይጽና፣ እጅህም እንደ ልብህ ይታዘዝህ።
አክስትህ

የካቲት 18

ይድረስ ለአክስቴ፣

ደብዳቤሽን ደረጃው ላይ ቆሜ አነበብኩት፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ያለችው ሴትዮ «ምን ሆነህ ነው?» እስክትለኝ ድረስ እንባዬ አልታወቀኝም። «አክስቴ እውነቱን ጻፈችልኝ» አልኳት። ምን ማለቴ እንደሆነ ባይገባትም ትከሻዬን መታ መታ አድርጋኝ ገባች።

የሸረከትሽው የጥበቃው ጨርቅ ትዝ እያለሽ አትኑሪ። እኔ አንቺ ስትቆርጪ ያየሁትን ሁሉ አስታውሳለሁ፤ አሁን ግን ሌላ ነገር ልጠይቅሽ። ባለፎቶኮፒዋ ከዚህ በፊት መቀስና ጨርቅ ይዛ ታውቃለች? እኔ እስከማውቃት ድረስ የተቀደደ ኪሷን እንኳ አንቺ ነበርሽ የምትሰፊላት። ታዲያ ከስምንት እስከ አሥራ አራት ያለውን ሁሉ የሠራችው ባንቺ ቃል ብቻ ነው ማለት ነው! የመጀመሪያዋ ሠልጣኝሽ እሷ ናት፤ ፎቶውም ማስረጃው ነው። ቀይ ጥፍሯን አትደብቂ። እንዲያውም ገጹ ላይ ጻፊው፦ «ከዚህ ጀምሮ እጁ የጎረቤቴ ነው፣ ቃሉ የእኔ።»

ደግሞ እሷ እየቆረጠች ስንት ጊዜ «ቆይ፣ ይኼ ወደ የት ነው?» ብላ እንደጠየቀችሽ ቁጭ ብላችሁ አስታውሱ። የጠየቀችሽን በራሷ አነጋገር ከየእርምጃው ሥር ጻፉት። እሷ የተደናገረችበት ቦታ ሌላውም ይደናገራል። በሥራ ቦታዬ ይህን ለማግኘት ስንት ሰው ነው የምናስቀምጠው፤ አንቺ ግን ጎረቤትሽ ናት።

ስለ ኮቱ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

በፈተናው ቀን ከንፈርሽ ላይ ያሉት ስፒሎች ይጽኑልሽ።
ቀጮሽ

መጋቢት 22

ይድረስ ለቀጮዬ፣

ደስታዬ በጤና ይድረስህ!

ሰኞ ጠዋት ነበር። ክፍሉ ረጅም ነው፤ ስምንት ጠረጴዛ፣ በየጠረጴዛው ሁለት ሰው፣ አሥራ ስድስት መቀስ። ኃላፊው ሰዓቱን እጁ ላይ እያየ በር ላይ ቆመ። ባለፎቶኮፒዋ ሱቋን ዘግታ አብራኝ መጥታ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ጥፍሯን ለዕለቱ አዲስ ተቀብታለች። እኔ ስፒሎቼን ከንፈሬ ላይ ደርድሬ ጥግ ያዝኩ።

ገና ሲጀመር ኔትወርኩ ደከመ። ግን ገጹ ቀልሏልና ሁሉም ስልክ ላይ ተከፈተ። ማንም «ኮሌታው የት ነው?» ያለ የለም። አሥራ ስድስት ሰው ጨርቁን አነጠፈ፤ ከዚያ የመቀስ ድምፅ ብቻ ሆነ። ስፌት ቤቴን ከዘጋሁ ወዲህ እንዲህ ሞልቶ ያልሰማሁት ድምፅ ነው።

ፊት ለፊቴ አንዲት ረጅም ሴት ነበረች። ቆረጠችው፣ ጥሩ ነው። ልትሰፋው ስትገጥም ግን ውስጡን ወደ ውጭ ገለበጠችው። በአንድ ቃል ላድናት እችል ነበር። ስፒሎቹን ነከስኳቸው። ጎንበስ ብላ ጨርቁን አየችው፣ ስልኩን አየችው፣ እንደገና ጨርቁን። ከዚያ በጣቷ ወደ ታች ገፋ ስታደርገው ያቺ ባለፎቶኮፒዋ የጠየቀችኝ ጥያቄ ወጣች፦ «ቆይ፣ የተገለበጠብኝ ይመስላል፤ እንዴት ላውቅ?» ሴትዮዋ አነበበችው። ሳቀች። ፈታችና መለሰችው። እኔ ግድግዳ ማየቴን ረስቼ እሷን ሳይ ነበር፤ እሷ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብላ አላየችኝም።

አሥራ አራቱ ጨረሱ። አንዱ ስልኩ ጠፋበት፤ አንዱ ደግሞ ልኬቱን ዘልሎ ለሕፃን የሚሆን ኮሌታ ሠራ። ኃላፊው ኮሌታዎቹን አንድ በአንድ እያገላበጠ መጣና «እርስዎ ግን ለምን አንድ ቃል ሳይናገሩ ቀሩ?» አለኝ። ስፒሎቹን አንድ በአንድ አውጥቼ ልብሴ ላይ ሰካኋቸውና «ስለካ አልናገርም» አልኩት። ከሚመጣው ሰኞ ጀምሮ የክፍሉ መማሪያ ሆኗል። ከፊታቸው ቆሜ እንድናገር ጠይቆኝ እምቢ አልኩት፤ የምናገረውን ጽፌዋለሁ አልኩት። ባለፎቶኮፒዋ ግን ተነስታ ተናገረች፤ ማን ሊያስቆማት።

ቀጮዬ፣ ያን ሁሉ ሰዓት እጄ ሲንቀጠቀጥ ማንም አላየውም። ሁሉም ሥራውን ነበር የሚያየው። ደስ አለኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግርህ አልችልም።

አሁን አንተ ነህ የቀረኸው። ሰባት ዓመት ኮቱን እየጠየቅሁህ ሰባት ዓመት ስለ አየሩ ትነግረኛለህ። ሦስት ሰው ሰብስበህ ገጼን ስታስፈትን አንተ ራስህ ትምህርት አሥራ አራትን ሳታነበው እንደቀረህ አውቃለሁ። ሂድና አንብበው።

መንገድህ ሁሉ እንደ ተተኮሰ ጨርቅ ይለስልስልህ።
አክስትህ

ሚያዝያ 15

ይድረስ ለአክስቴ፣ ለመምህሬ፣

እንኳን ደስ ያለሽ! ደብዳቤሽን ሥራ ቦታ ወስጄ ለባልደረቦቼ አነበብኩላቸው። ሹፌሩን፣ ነርሷንና መምህሩንም ደውዬ ነገርኳቸው። መምህሩ «በሩ ተከፈተ በላት» ብለዋል።

ስለ ኮቱ እውነቱ ይኸውልሽ። ጠቦኝ ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ብብቴን ይዞኝ ነበር። መስታወቱ ፊት «ልክ ነው አክስቴ» ስልሽ እጄን ማንሳት አልችልም ነበር። በማግሥቱ ልሄድ ነበር፣ አንቺም ደክመሽበት ነበር፤ ከአፌ አልወጣ አለኝ። እዚህ ከደረስኩ በኋላ አንድ ቀን ለበስኩት። አውቶቡስ ላይ መያዣው ከላይ ነው፣ ልደርስበት አልቻልኩምና ሰው ላይ እየወደቅሁ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ቁም ሣጥን ውስጥ ተሰቅሏል። መስጠትም መጣልም አልቻልኩም። በጠየቅሽኝ ቁጥር አየሩን የነገርኩሽ ለዚህ ነው።

ትምህርት አሥራ አራትን እሑድ ጠዋት ስልኬ ላይ ከፈትኩት። «ብብት ሲጠብቅ» ይላል። ሦስተኛው እርምጃ ላይ እንዲህ ብለሽ ጽፈሻል፦ «ገበሩን ፍቱት። እኔ የሰፋሁት ልብስ ከሆነ ከውስጥ ሁለት ጣት ትርፍ ጨርቅ ታገኛላችሁ። ልክ ነው ለሚሉኝ ሰዎች ሁልጊዜ እተዋለሁ። እውነቱን የሚናገሩ ቀን ይጠቅማቸዋል።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ መቀስ ፈልጌ ገበሩን ፈታሁ። አለ። ሁለት ጣት፣ በሁለቱም በኩል፣ ፀሐይ ያላየው ጨርቅ ቀለሙ እንደ አዲስ። ያን ቀን ትከሻዬን አይተሽ ነበር። አውቀሽ ዝም አልሽኝ፣ ስፌቱ ውስጥ ግን ቦታ ተውሽልኝ።

በመርፌ ነው የሰፋሁት፣ ሙሉ ቀን ፈጀብኝ። የሥራዬ ነገር ሆኖብኝ የተደናገርኩበትንም እነግርሻለሁ፦ አራተኛው እርምጃ ላይ የትኛው ክር እንደሚቆረጥ አይታወቅም፤ እኔ ሁለቱንም ቆረጥኩና የቀኙ እጅጌ ወለቀ። ባለፎቶኮፒዋ እዚያ ላይ ምን ብላ ጠይቃሽ እንደነበር አስታውሰሽ ጨምሪበት። ስፌቴ ጠማማ ነው፤ ብታዪው ትስቂብኛለሽ።

ዛሬ ጠዋት ኮቱን ለብሼ ወጣሁ። አውቶቡሱ ሞልቶ ነበር። እጄን አንስቼ መያዣውን ያዝኩ፣ እስከ ሥራ ቦታዬ ድረስም እንደያዝኩት ሄድኩ። አጠገቤ የቆመውን ሰውዬ ፎቶ አንሳኝ አልኩት፤ ፎቶውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ።

ልክ ነው፣ አክስቴ። ካላመንሽኝ ትከሻዬን እዪው።

ቀጮሽ